ሁለት የክርስትና መዝገብ፣ አንድ ጫማ ሰፊ፤ የትኛው ነው የእኛ?

የማኅሌት እናት

ጤና ይስጥልኝ። ባለቤቴ እንግሊዛዊ ነው። ልጃችን የእኔን ወገን እስከ ሰባት ቤት ስቆጥርላት ከርማ አንድ ቀን «የአባቴስ?» አለችኝ። አባቷ ከአያቱ በላይ ማንንም አያውቅም፤ እናቱም ቢሆኑ ከዚያ ብዙ አይርቁም። ስለዚህ ፍለጋው በእኔ እጅ ወደቀ። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከሕዝብ ቆጠራ መዛግብት ተነስቼ ወደ ኋላ ስሄድ አንድ ጫማ ሰፊ ዘንድ ደረስኩ። በ1851ዱ ቆጠራ በመካከለኛው እንግሊዝ በምትገኝ አነስተኛ የገበያ ከተማ ይኖራል፤ ዕድሜው 58 ተብሏል፤ የተወለደውም እዚያው ነው ይላል። ያገባው በ1818 ነው። የጋብቻው መዝገብ የሙሽራውንና የሙሽራይቱን ስም፣ የሁለት ምስክሮችንም ፊርማ ይዟል፤ የአባቱን ስም ግን አይናገርም።

የተቸገርኩት እዚህ ላይ ነው። በኢንተርኔት በሚገኘው የመዝገቦች የስም ጠቋሚ ውስጥ በእሱ ስም የተጠሩ ሁለት ሕፃናት አሉ። አንዱ በ1792 በከተማዋ ቤተ ክርስቲያን ክርስትና ተነስቷል፤ ወላጆቹ ጆንና ሜሪ ናቸው። ሌላው በ1793 ከከተማዋ አጠገብ ባለ የገጠር አጥቢያ ተጠምቋል፤ የእሱ ወላጆች ደግሞ ጆንና አን ናቸው። የመጀመሪያውን ገጽ ፎቶ አግኝቼ ሳየው ከልጁ ስም ጎን «ፒ» የምትባለው የላቲን ፊደል ለብቻዋ ተጽፋለች። ምን ማለት እንደሆነች አልገባኝም።

የድሮ የንግድ ማውጫዎችንም ተመለከትኩ። በ1830ዎቹ በታተመው ላይ ሰውየው ከጫማ ሰፊዎች ተርታ ተጽፏል። በ1850ዎቹ አጋማሽ በታተመው ላይ ግን እሱ የለም፤ በዚያው ጎዳና የሚስቱ ስም «ጫማ ሰሪ» ተብሎ ሰፍሯል። የኅትመት ስህተት ይሆን? ለመሆኑ በቀጥታ ለአጥቢያው ቄስ ብጽፍላቸው አይሻልም?

ዳዊት

እህቴ፣ ይህን ያህል ለምን ትደክሚያለሽ? በትልልቆቹ የዘር ሐረግ ድረ ገጾች ላይ የሰውየውን ስም ጻፊና ሌሎች ሰዎች ያዘጋጁትን ሐረግ ተመልከቺ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እስከ 1600ዎቹ ደርሷል። ብዙ ሰው የተስማማበትን ወላጅ ውሰጂ። ካላመንሽ ደግሞ የዲኤንኤ ምርመራ አለ።

ጋሽ መዝገቡ

የማኅሌት እናት፣ በአንድ የእንግሊዝ አውራጃ ቤተ መዛግብት የንባብ ክፍል ውስጥ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ሠርቻለሁ። ብዙ ሰው የሚመጣው «አያቶቼ ባላባቶች ነበሩ፤ ማስረጃውን ስጡኝ» እያለ ነው። አንቺ ግን «የትኛው ነው?» ብለሽ ጠየቅሽ። እንዲህ የሚጠይቅ ሰው ሲመጣ ወንበር ስቤ አጠገቡ እቀመጥ ነበር፤ ስለዚህ ሰፋ አድርጌ ብጽፍ አትታዘቢኝ።

ከመጨረሻው ልጀምር፤ ለቄሱ አትጻፊ። በ1978 የወጣው የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ሕግ ተሞልተው ያለቁና ከመቶ ዓመት በላይ የሆናቸው መዝገቦች፣ ልዩ ፈቃድ ካልተሰጠ በስተቀር፣ ወደ ሀገረ ስብከቱ ቤተ መዛግብት እንዲገቡ ያዛል። ይህም አብዛኛውን ጊዜ የአውራጃው ቤተ መዛግብት ራሱ ነው። ቄሱ እጅ ያለው አሁን የሚሠራበት መዝገብና የሻይ ማንቆርቆሪያው ነው። ጻፊላቸው ብልሽ መልሰው ወደ እኛ ዓይነቱ ሰው ይልኩሻል።

ወደ ፊደሏ ልምጣ። በ1783 የእንግሊዝ ፓርላማ በአጥቢያ መዝገብ በሚሰፍር በእያንዳንዱ ክርስትና፣ ጋብቻና ቀብር ላይ የሦስት ፔንስ ቀረጥ ጣለ፤ ቀረጡ እስከ 1794 ቆየ። ገንዘቡን እየሰበሰበ ለመንግሥት የሚያስገባው ቄሱ ነበር። ከአጥቢያው እርዳታ የሚቀበሉ ድሆች ነፃ ስለነበሩ ቄሱ ገንዘቡን ያልተቀበለበትን ምክንያት ለማሳየት ከስማቸው ጎን ይህችን ፊደል ያኖር ነበር፤ «ፖፐር»፣ ማለትም ጦም አዳሪ ድኃ፣ ለማለት ነው። የአንቺ ልጅ የተጠመቀው በ1792፣ በቀረጡ ዘመን ውስጥ ነውና ነገሩ ይገጥማል።

ግን አትቸኩዪ። ያቺው ፊደል «ፕራይቬት» ለማለትም ትጻፋለች፤ ሕፃኑ ለሞት ሲያሰጋ ቄሱ ቤት ድረስ ሄዶ አጠመቀው ማለት ነው። ሁለቱን ለመለየት የዚያኑ ዓመት የቀብር ገጽ አውጪ። ፊደሏ በቀብሩ ገጽ ላይም እዚህም እዚያም ብቅ ካለች ድህነት ናት። የቤት ውስጥ ጥምቀት በቀብር ገጽ ላይ ምን ይሠራል? በክርስትናው ገጽ ብቻ ከታየች ግን የቤት ጥምቀት የመሆን ዕድሏ ይሰፋል። የመዝገብን ምልክት ትርጉም መዝገቡን ራሱን ገልጠሽ ከማየት የተሻለ የሚነግርሽ የለም። አንዲት መስመር ቆርጦ የሚያሳይሽን ጠቋሚ አትመኚ፤ ሁልጊዜ ሙሉውን ገጽ፣ ቢቻል ከፊቱና ከኋላው ያሉትንም ገጾች ተመልከቺ።

አሁን ወደ ማውጫዎቹ። ሴትየዋ የኅትመት ስህተት አይደለችም፤ መበለት ናት። ባሏ የሞተባት ሴት ሱቁን ይዛ ስትቀጥል ማውጫው በራሷ ስም ይጽፋታል፤ ስፌቱን የሚሠራው ልጇ ወይም ቅጥረኛ ሊሆን ይችላል፤ የንግዱ ባለቤት ግን እሷ ናት። ስለዚህ ሰውየው የሞተው ከ1851ዱ ቆጠራ በኋላ፣ ማውጫው ከመታተሙ በፊት ነው ብለሽ መነሳት ትችያለሽ። የመንግሥት የልደት፣ የጋብቻና የሞት ምዝገባ በእንግሊዝና በዌልስ የጀመረው በሐምሌ 1837 ስለሆነ የሞት ምስክር ወረቀቱ ሊገኝ ይገባል። ስትፈልጊ ግን በማውጫው ሽፋን ላይ ያለውን ዓመት እንደ ወንጌል አትያዥው። መረጃው የሚሰበሰበው ከኅትመቱ አስቀድሞ ነው፤ አንዳንድ አሳታሚ ደግሞ የቀድሞውን እትም እንዳለ ይደግመዋል። ከሞተ በኋላ አንድ ሁለት ዓመት ሱቁን የከፈተ ሰው በማውጫ ላይ ብርቅ አይደለም።

የእነዚህ ማውጫዎች ዓላማ ደንበኛን ከነጋዴ ማገናኘት ነበር። የመጀመሪያው የለንደን ነጋዴዎች ዝርዝር በ1677 ታትሟል፤ እንደ ፒጎት፣ ዋይትና ኬሊ ያሉት አሳታሚዎች ገበያውን የያዙት በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ኬሊ የለንደን ፖስታ ቤት ሰው ስለነበር አድራሻ ያሰባስቡለት የነበሩት ደብዳቤ አዳዮቹ ነበሩ፤ ከእነሱ ይበልጥ የማንን በር ማን ያውቃል? ታዲያ የቀን ሠራተኛው፣ የቤት አገልጋዩና ተከራዩ ለማንም ነጋዴ ስለማይጠቅሙ ይዘለላሉ። በማውጫ ላይ አለመኖር አገር ጥሎ ለመሄድም ሆነ ለመሞት ማስረጃ አይሆንም። የአንቺ ጫማ ሰፊ ግን የራሱ ሱቅ ስለነበረው ነገሩ ለእሱ ይሠራል።

ብዙ ሰው የማያስተውለውን ልንገርሽ። ማውጫን ለስም ብለሽ ብቻ አትክፈቺ። ከስም ዝርዝሩ በፊት በትንንሽ ፊደል የታተመ አንድ አንቀጽ አለ፤ ሰው ሁሉ እየዘለለው ያልፋል። የከተማዋ ወይም የመንደሩ መግለጫ ነው፦ የሕዝቡ ብዛት፣ ዋና ዋና ባለ መሬቶች፣ የቤተ ክርስቲያኑ ስም፣ ከእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን የተለዩ ክርስቲያኖች ጸሎት ቤቶች፣ የድሆች መጠለያው የየትኛው የአጥቢያዎች ኅብረት እንደሆነ ሁሉ ይዘረዝራል። በኬሊ ማውጫዎች ላይ ደግሞ ብዙ ጊዜ «የአጥቢያው መዝገብ ከእንዲህ ያለው ዓመት ይጀምራል» የሚል ዓረፍተ ነገር ታገኛለሽ። ሰው በሌለ መዝገብ ውስጥ አያቱን ሲፈልግ ወር የሚያባክነው ይህችን መስመር ባለማንበቡ ነው። ከሁሉም በላይ መንደሩ የራሱ አጥቢያ ያለው ይሁን ወይም በሌላ አጥቢያ ሥር ያለ ይሁን ይነግርሻል። የገጠሩ ሕፃን የተጠመቀበት ቦታ ከከተማዋ ምን ያህል እንደሚርቅ፣ የሁለቱ አጥቢያዎች ወሰን የት እንደሚገናኝ ከዚያ ተነሺ። የአንድ መንገድ ግራና ቀኝ የሁለት አጥቢያ ሆኖ ሲገኝ፣ «የተለያዩ ቤተሰቦች» ያልናቸው ጎረቤታሞች ወይም ዘመዳሞች ይሆናሉ። የሌስተር ዩኒቨርሲቲ የእንግሊዝና የዌልስ ማውጫዎችን ሰብስቦ በነፃ በኢንተርኔት አስቀምጧል፤ ከዚያ ጀምሪ።

ወደ ዋናው ጥያቄሽ ስንመጣ፣ የክርስትና መዝገብ እጩ ያበዛል፤ የቀብር መዝገብ ይቀንሳል። ስለዚህ ሁለቱንም ሕፃናት ለመቅበር ሞክሪ። ክፉ ምክር ይመስላል፤ ግን በዚያ ዘመን ከተጠመቁት ሕፃናት ብዙዎቹ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ያልፉ ነበርና በሕይወት የሌለ ልጅ አያት ሊሆን አይችልም። ከ1792 ጀምረሽ ሰውየው እስካገባበት እስከ 1818 ድረስ የሁለቱንም አጥቢያዎች የቀብር ገጾች አንድ በአንድ እዪ። ከ1813 በፊት ያለው የቀብር መዝገብ ስስታም ነው፤ ስምና ቀን፣ ልጅ ከሆነ ምናልባት የአባቱን ስም ይሰጥሻል። ከ1813 ወዲህ ግን በሕግ የታተመ ቅጽ ስለመጣ ዕድሜና የመኖሪያ ቦታም ይጨመራል። እግረ መንገድሽን የሁለቱን ወላጆች ሌሎች ልጆችም መዝግቢ። ከጥቂት ዓመት በኋላ እነዚያው ወላጆች ሌላ ልጅ ወልደው ያንኑ ስም ከሰጡት፣ የመጀመሪያው ለመሞቱ ትልቅ ፍንጭ ነው። የሞተ ልጅን ስም ለተከታዩ መስጠት የተለመደ ነበር።

የ1818ቱን ጋብቻም እንደገና ተመልከቺው። ከ1754 ጀምሮ ሙሽሮቹና ምስክሮቹ በታተመ ቅጽ ላይ እንዲፈርሙ ሕጉ ያስገድድ ነበር። ሰውየው ስሙን ጻፈ ወይስ መስቀል አኖረ? የምስክሮቹን ስም ደግሞ በዚያው ገጽ ካሉት ሌሎች ጋብቻዎች ጋር አስተያዪ። አንዱ ምስክር በየጋብቻው የሚደጋገም ከሆነ የቤተ ክርስቲያኑ ጸሐፊ ነው፤ እርሺው። የማይደጋገመው ግን ወንድም ወይም እህት ሊሆን ይችላልና ያ ስም ከሁለቱ ቤተሰቦች በአንደኛው ልጆች መካከል እንዳለ ፈልጊ።

የጳጳሱን ቅጂም አትርሺ። ከ1598 ጀምሮ የየአጥቢያው መዝገብ ቅጂ በየዓመቱ ወደ ጳጳሱ ጽሕፈት ቤት እንዲላክ ታዝዞ ነበር። ገልባጩ አንዳንድ ጊዜ ይሳሳታል፤ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ዋናው ላይ የሌለ ነገር ይጨምራል። ውኃ የበላው ወይም አይጥ የቀረጠፈው ገጽ እዚያ ሙሉ ሆኖ ሲገኝ ያለውን ደስታ ያየ ያውቀዋል።

አካባቢው የዮርክ ሀገረ ስብከት ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ አልልሽም ነበር። ዊልያም ዴድ የሚባል ቄስ በ1770ዎቹ ያመጣው አጻጻፍ እዚያ ስለተስፋፋ፣ በተከተሉት አጥቢያዎች የሕፃኑ አያቶች ስም ሳይቀር በክርስትናው መዝገብ ይገኛል። የአንቺው ቄስ ግን እንደ አብዛኞቹ ቀለም ቆጣቢ ነበር።

ዳዊት ወንድሜ፣ አንድ ሰው ተሳስቶ ያገናኘውን ሐረግ መቶ ሰው ቢገለብጠው ምስክሩ ያው አንድ ነው። ባልደረባህ በአንድ ቅዳሜ 1600ዎቹ ደርሶ ይሆናል፤ የማን አያቶች ዘንድ እንደደረሰ ግን ጠይቀው። ዲኤንኤ ጥሩ ነገር ነው፤ ከሁለቱ ቤተሰቦች የአንደኛው ተወላጅ ሆኖ የተመረመረ ሰው ካለ ጥሩ ፍንጭ ይሰጣል። ያ ሰው ከዚያ ቤተሰብ መወለዱን የሚያስረዳው ግን እንደገና ይኸው ወረቀት ነው።

ዳዊት

ጋሽ መዝገቡ፣ ተግሣጹን ተቀብያለሁ። ግን ሁሉም ሰው ቤተ መዛግብት ሄዶ ብራና ሲገልጥ አይውልም። ከቤት ሆኖ ማየት አይቻልም ማለትዎ ነው?

ጋሽ መዝገቡ

አይደለም። ፋሚሊሰርች የተባለው የሞርሞኖች ቤተ ክርስቲያን ድረ ገጽ በነፃ ነው፤ የየአገሩን የአጥቢያ መዝገብ ከ1938 ጀምረው በማይክሮፊልም ሲያነሱ ኖረዋል። የሚከፈልባቸውንም ድረ ገጾች ብዙ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት በነፃ ያስጠቅማሉ። ጠቋሚን አልጠላም፤ የምጠላው ጠቋሚ ላይ መቆምን ነው። ጠቋሚውን ያዘጋጀው ሰው «ኤፍ» የምትባለው ፊደል ሁለት ጊዜ ተደርባ ሲያይ የተለየ ስም መስሎት ሊጽፍ ይችላል፤ የድሮ ጸሐፊዎች ግን ትልቁን «ኤፍ» እንዲያ ነበር የሚጽፉት። ምስሉን ከቤትህ ሆነህ ብታየው ምንም አይጎድልብህም። ብቻ ምስሉን እይ።

ሰናይት ከስዊድን

ጋሽ መዝገቡን እየሰማሁ ቀናሁባችሁ ማለት አልችልም፤ እኛ ዘንድ ያለው ይበልጣል። የ1686ቱ የስዊድን ቤተ ክርስቲያን ሕግ ቄሶችን ክርስትናና ጋብቻ ብቻ ሳይሆን የቤተሰቡን አባላት ሁሉ እንዲመዘግቡ አዟል። ቄሱ ከቤት ቤት እየዞረ ማን ማንበብ እንደሚችል፣ ማን ትምህርተ ሃይማኖቱን በቃሉ እንደሚያውቅ ይመረምርና በአንድ ገጽ ላይ አባትን፣ እናትን፣ ልጆችንና አገልጋዮችን ከነትውልድ ቀናቸው ያሰፍራል። ልጁ ሲሞት ወይም ሌላ አጥቢያ ሲሄድ ስሙ ይሰረዛል፤ የት እንደሄደም ይጻፋል። እስከ 1991 የሕዝብ ምዝገባ በቤተ ክርስቲያን እጅ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ የግብር መሥሪያ ቤቱ ይዞታል። ምስሎቹ በብሔራዊ ቤተ መዛግብቱ ድረ ገጽ በነፃ ይታያሉ።

ለእኛ ደግሞ አንድ የሚመች ነገር አለው፤ የስዊድን ገበሬ እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ እንደ እኛው በአባቱ ስም ነበር የሚጠራው። ቋሚ የቤተሰብ ስም መፈለግ የለመደ እንግሊዛዊ እዚያ ሲደርስ ይጠፋበታል፤ እኔ ግን ወዲያው ነው የገባኝ። የማኅሌት እናት፣ የባለቤትሽ ወገን ወደ ስዊድን የሚወስድሽ ነገር ካለ ጻፊልኝ።

የማኅሌት እናት

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሰናይት፣ እስካሁን ወደ ስዊድን የሚወስድ ምንም አላገኘሁም፤ ልጄ ግን ብታገኝ ደስ ይላታል።

ጋሽ መዝገቡ፣ እንዳሉት አደረግሁ። ፊደሏ በ1792 እና በ1793 የቀብር ገጾች ላይም አለች፤ ከአንዳንዱ ስም ጎን ብቻ። ስለዚህ የከተማዋ ልጅ የድኃ ልጅ ነው ማለት ነው። ቀጥሎ በገጠሩ አጥቢያ የቀብር መዝገብ ውስጥ በ1795 በዚያው ስም የተቀበረ አንድ ሕፃን አገኘሁ። የሚለው ግን «ሕፃን፣ የጆን ልጅ» ብቻ ነው። የሁለቱም አባት ጆን ስለሆነ እርግጠኛ መሆን አልቻልኩም። በ1797 የገጠሩ ጆንና አን ሌላ ወንድ ልጅ ወልደው ያንኑ ስም ሰጥተውታል። የከተማዋ ጆንና ሜሪ ግን ስሙን አልደገሙትም።

በጋብቻው መዝገብ ላይ ሰውየው መስቀል ነው ያኖረው። ከምስክሮቹ አንዱ በየገጹ አለ፤ ሌላዋ ሴት ናት፤ ስሟን እስካሁን በየትኛውም ቤተሰብ አላገኘሁትም።

ለአማቴ የድህነቱን ነገር ስነግራቸው ፊታቸው ተለወጠ። «ቤተሰባችን የራሱ ሱቅ የነበረው ነው» ብለው ተከራከሩኝ። ደግሞስ የጦም አዳሪ ልጅ እንዴት ባለ ሱቅ ጫማ ሰፊ ሊሆን ይችላል? የገጠሩን ልጅ ደግሜ እንዳስብበት ያደረገኝ ይኸው ጥያቄያቸው ነው።

ጋሽ መዝገቡ

ጎበዝ! ብዙ ሰው ከዚህ ያነሰ ይዞ ሐረጉን በወርቅ ክፈፍ ያሰቅላል።

ያገኘሽው ቀብር የገጠሩን ልጅ በጣም አዳክሞታል። ቀብሩ በገጠሩ አጥቢያ ነው፤ የገጠሩ ወላጆች ከሁለት ዓመት በኋላ ስሙን ደግመውታል፤ የከተማዎቹ አልደገሙም። ሦስቱ ነገሮች ወደ አንድ አቅጣጫ ይጠቁማሉ። በ1797 የተወለደው ሁለተኛው ልጅ ደግሞ በ1851 ዕድሜው 58 ሊሆን አይችልም፤ በእርግጥ የቆጠራ ዕድሜ የሚሳሳትበት ጊዜ አለና እሱንም ጨርሰሽ አትጣዪው፤ የት እንደገባ ፈልጊ። በ1851 በሌላ ቦታ የራሱን ኑሮ ሲኖር ካገኘሽው ከመንገድሽ ዞር አለ ማለት ነው። የ1795ቱን ቀብር ከጳጳሱ ቅጂ ጋር አመሳክሪው፤ እዚያ የእናትየው ስም ተጨምሮ ከተገኘና «አን» ከሆነ ክርክሩ አለቀ።

አማትሽን በእኔ ስም አጽናኚያቸው። የእንግሊዝ መዛግብት አብልጠው የሚወዱት ሁለት ዓይነት ሰው ነው፦ መሬት የነበረውንና ዳቦ የለመነውን። መሀል ላይ ያለው ጨዋ ሰው ሲጠመቅ፣ ሲያገባና ሲቀበር ብቻ ይጻፍና ይረሳል። ድኃው ግን የአጥቢያውን ገንዘብ ስለሚያስወጣ በእያንዳንዱ ሽልንግ ላይ ስሙ ይጻፋል። ከ1601 ጀምሮ እያንዳንዱ አጥቢያ የራሱን ድሆች እንዲረዳ ሕግ ስላስገደደው የድሆች ኃላፊ ተብለው የሚመረጡ ሰዎች ሂሳብ ይይዙ ነበር፤ ለእገሌ ጫማ፣ ለእገሊት ማገዶ፣ ለእገሌ ልጅ መገነዣ እያሉ። የጆንና የሜሪ ስም በዚያ ሂሳብ ውስጥ ካለ የቤታቸውን ክረምት በየሳምንቱ ልታዪው ትችያለሽ።

የድኃ ልጅ እንዴት ጫማ ሰፊ ሆነ ላሉት፣ መልሱ አጥቢያው ራሱ ነው። ኃላፊዎቹ የድሆችን ልጆች ወጪ ከራሳቸው ላይ ለማውረድ በልጅነታቸው ለባለሙያ በተለማማጅነት ይሰጧቸው ነበር። ወንድ ልጅ እስከ 21 ዓመቱ ድረስ በጌታው ቤት እየበላና እየሠራ ሙያ ይማራል። ውሉን ኃላፊዎቹና ዳኞች ይፈርሙበታል። የአማትሽ መከራከሪያ እንግዲህ ለድኃው ልጅ የቆመ ሊሆን ይችላል፤ በዚያ ዘመን ለድኃ ልጅ ከሚሰጡት ሙያዎች አንዱ ጫማ ስፌት ነበር።

ደስ የሚለው ደግሞ ዘመኑ ነው። በ1802 የወጣ ሕግ የድሆች ኃላፊዎች ለተለማማጅነት የሚሰጧቸውን ልጆች ሁሉ በአንድ መዝገብ እንዲያሰፍሩ አዘዘ። ቅጹ የልጁን ስምና ዕድሜ፣ የወላጆቹን ስምና መኖሪያቸውን፣ የጌታውን ስም፣ ሙያውንና የሚኖርበትን ቦታ የሚጠይቁ ዓምዶች አሉት። የአንቺ ልጅ በ1802 የአሥር ዓመት ልጅ ነበር፤ ልክ የሚሰጥበት ዕድሜ! «ወላጆቹ ጆንና ሜሪ፤ የተሰጠው ለጫማ ሰፊ» የሚል መስመር ብታገኚ ከዚያ በላይ ማስረጃ አልፈልግም።

ስለዚህ ለቤተ መዛግብቱ ኢሜይል ስትጽፊ «የቤተሰቤን ታሪክ እየፈለግሁ ነው» ብለሽ አትጀምሪ፤ የንባብ ክፍል ሠራተኛ እንዲህ ያለ ደብዳቤ ሲያይ ቡናውን ያነሳል። የአጥቢያውን ስም አስቀድሚና ከ1800 እስከ 1815 ያለው የድሆች ተለማማጆች መዝገብ፣ የተለማማጅነት ውሎችና የድሆች ኃላፊዎች ሂሳብ መኖር አለመኖሩን ጠይቂ። ከዚያ ስለ ጫማ ሰፊው ሁለት ዓረፍተ ነገር ይበቃል። የከተማዋ አጥቢያ ወረቀት ካልተረፈ የገጠሩንና በአካባቢው ያሉትን አጥቢያዎች ጠይቂ፤ ልጁ ብዙ ጊዜ ሆን ተብሎ ለሌላ አጥቢያ ሰው ይሰጥ ነበር። በጌታው አጥቢያ አርባ ቀን ከኖረ እርዳታ የማግኘት መብቱ ወደዚያ ስለሚዞር የላከው አጥቢያ ይገላገላል። በዚህ ምክንያት ሁለት አጥቢያዎች ሲጨቃጨቁ የተጻፈ የምርመራ ቃል ከተገኘ ደግሞ ሰውየው የት ተወልዶ፣ ማን ዘንድ ተምሮ፣ መቼ እንዳገባ በራሱ አንደበት ሲናገር ትሰሚዋለሽ። ያንንም በዚያው ኢሜይል ጠይቂ፤ እንግሊዞች «ሴትልመንት ኤግዛሚኔሽን» በሚሉት ክፍል ተለይቶ ይቀመጣል።

ወደ ጆን ወላጆች ተሻግረሽ ከ1752 በፊት ስትደርሺ ስለ ዘመን አቆጣጠሩ እንነጋገራለን። እንግሊዞች ያኔ አዲስ ዓመታቸውን የሚጀምሩት በማርች 25 ስለነበር የየካቲት ልጅ በመዝገቡ ላይ ባለፈው ዓመት ተወልዶ ታገኚዋለሽ፤ አዲስ ዓመት የግድ በጃንዋሪ አለመሆኑን ለእኛ ማስረዳት አያስፈልግም መቼም። ከ1733 በፊት ደግሞ ላቲን ይመጣል፤ ጄምስ ያኮቡስ፣ ዊልያም ጉሊየልሙስ ይሆንብሻል።

ቤተ መዛግብቱ የተለማማጆቹን ገጽ ፎቶ ሊልክልሽ ሲስማማ የስሙን መስመር ብቻ ሳይሆን ሙሉውን ገጽ ከነዓምዶቹ ርዕስ እንዲያነሱት ንገሪያቸው። መዝገቡ በሁለት ትይዩ ገጾች ላይ ስለሚሰፋ የግራው ብቻ ተልኮልሽ የጌታው ስምና ሙያ በቀኙ ገጽ እንዳይቀርብሽ።